በረኪናውን ከኩሬው አርቁት

በጓሮ የተቆፈረ የዓሣ ኩሬ ውኃ በገባበት ሰሞን ጥርት ብሎ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ላስቲክ ሳይቀር ይታያል። ሳምንታት ሲያልፉ መልኩ መለወጥ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ደብዘዝ ይላል፣ ቀጥሎ ሐመር አረንጓዴ ይሆናል፣ ቆይቶም ጎመን የተቀቀለበት ውኃ ይመስላል። ባለቤቱ የሚደነግጠው ይኼኔ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እየተባለ ላደገ ሰው ደህና ውኃ ማለት የጠራ ውኃ ነውና ኩሬው የተበላሸ፣ ዓሣውም ሊያልቅበት የደረሰ ይመስለዋል። እጁ ወደ በረኪና ወይም ለሰብል ወደተገዛ ኬሚካል የሚሄደው ከዚህ ድንጋጤ የተነሣ ነው። ያ እጅ መታገድ አለበት እላለሁ። ለዓሣ ኩሬ ከተረቱ የሚሠራው የፊተኛው ግማሽ ነው፤ ነገሩን ከሥሩ መያዝ። አልጌው የሚበዛው ወደ ኩሬው በገባው መኖ፣ ፍግና ማዳበሪያ ምክንያት ስለሆነ መፍትሔው የሚገባውን መመጠን እንጂ በውኃው ላይ መርዝ መጨመር አይሆንም። መጠኑን ያላለፈ አረንጓዴ ደግሞ የዓሣው ቀለብ ነውና ጭራሹን መጥፋት የለበትም።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣት ያስፈለገው የጓሮ ኩሬ የመንግሥት መርሐ ግብር አካል ስለሆነ ነው። በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ከወተት፣ ከዶሮ፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር ዓሣንም የቤተሰብ ሥራ አድርጎታል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን የአማራ ክልል በጓሮ ጉድጓድ ላይ ያለፈ ልምድ አለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየቤተሰቡ የዝናብ ውኃ ማቆሪያ የማስቆፈር ሰፊ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ብዙዎቹ ጉድጓዶች ውኃ ማፍሰስ ጀመሩ፣ ላስቲካቸው ተቀደደ፣ ወይም የትንኝ መራቢያና የሕፃናት ስጋት ሆነው ተተዉ። ያኔ በሪፖርት የሚቆጠረው የተቆፈረው ጉድጓድ ነበር፤ ከቁፋሮው በኋላ ውኃው ምን ሆነ ብሎ የሚከታተል ግን ጥቂት ነበር። የዓሣ ኩሬም በዚያው መንገድ ከተሄደበት በዚያው መንገድ ይተዋል፤ የዓሣው ኩሬ ደግሞ ውኃው ሲበላሽ አብሮት የሚሞት ነፍስ አለበት።

ቢቸናና ሞጣ ለዚህ ክርክር የተለየ ቦታ አላቸው። ሁለቱም ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ለጓሮ ኩሬ በብዛት የሚመረጠው ዓሣ ቆሮሶ፣ ማለትም የአባይ ቲላፒያ ነው። ይህ ዓሣ በተፈጥሮ የሚኖርበት ጣና 1800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በጣናና በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የ700 ሜትር ያህል ልዩነት አየሩን በአራት ዲግሪ ገደማ ያቀዘቅዘዋል። ቲላፒያ ደህና አድርጎ የሚያድገው የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው፤ ከ20 ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ወደ 16 ሲጠጋ መብላቱን ያቆማል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ሌሊቶች ጥልቀት የሌለው የደጋ ኩሬ እስከዚያ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳር ወይም ለዝዋይ የተጻፈ የመኖ መጠን እንዳለ ተገልብጦ የሁለቱ ከተሞች ወረዳዎች በሆኑት በእነማይ ወይም በሁለት እጁ እነሴ ሲሠራበት ዓሣው ከሚችለው በላይ ይሰጠዋል። ያልተበላው ፉርሽካና ፋጉሎ ወለሉ ላይ ይበሰብሳል። የቀዝቃዛ አገር ኩሬ አረንጓዴ የሚሆንበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው፤ ባለቤቱ ዓሣው አላደገልኝም ብሎ መኖ ሲጨምር ያሳደገው አልጌውን ነው።

የተበላውም ቢሆን ሁሉ ሥጋ አይሆንም። በኩሬ እርባታ ላይ በተደጋጋሚ የተለካው ውጤት እንደሚያሳየው በመኖው ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ዓሣው ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከሩብ እስከ ሲሶ ገደማ ነው። የቀረው በኩስና በአሞኒያ መልክ ወደ ውኃው ይመለሳል። በዚህ ላይ የበሬውና የዶሮው ፍግ ይጨመራል፤ አንዳንዱ ቤት የጠላ አተላ ይደፋበታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የተበተነው ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ ከጎርፍ ጋር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ኩሬውም የሚቆፈረው ዝቅ ባለው ቦታ ነው። ማዳበሪያ ጤፉን የሚያለመልመው በናይትሮጅንና በፎስፎረስ ነው፤ አልጌውንም የሚያለመልሙት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ ኩሬን ከአልጌ መጠበቅ የሚጀምረው በላይኛው በኩል ትንሽ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ በመቆፈርና በቦዩ ዳር ሣር በመትከል ነው። አንድ ቀን የማይሞላ የዶማ ሥራ ብዙ ጠርሙስ ኬሚካል የማያደርገውን ያደርጋል።

ታዲያ አረንጓዴውን ሙሉ በሙሉ ለምን አናጠፋውም የሚል ካለ፣ መልሱ ያለው በቆሮሶው ሆድ ውስጥ ነው። ይህ ዓሣ በዓይን የማይታዩትን አልጌዎች ከውኃው እያጣራ የሚመገብ ነው። ብዙ እንስሳት የሚቸገሩበትን ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለውን ዓይነት እንኳ ይፈጫል። እ.ኤ.አ. በ1973 በዩጋንዳ ጆርጅ ሐይቅ ላይ የተደረገው ጥናት የዓሣው ጨጓራ አሲድ እስከ 1.4 ፒኤች እንደሚደርስ አሳይቷል፤ የአልጌውን ግድግዳ የሚያፈርሰው ያ ብርቱ አሲድ ነው። እንግዲህ ለፋጉሎና ለፉርሽካ ገንዘብ የሚያወጣ ቤተሰብ ፀሐይ በነፃ ያበቀለችለትን ቀለብ በበረኪና ሲያቃጥል ኪሳራው ሁለት ጊዜ ነው። በህንድ ከካልካታ ከተማ በስተ ምሥራቅ ያሉ የረግረግ ኩሬዎች የከተማዋን ፍሳሽ እየተቀበሉ፣ ፍሳሹ አልጌ እያበቀለ፣ አልጌውን ዓሣ እየበላው ብዙ ሰው ይቀልባሉ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2002 በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ረግረግ ተብሎ ተመዝግቧል። የዚያ አገር ዓሣ አርቢ የሚጠነቀቀው ለመጠኑ ነው። የፍሳሹን መግቢያ የሚከፍተውና የሚዘጋው የውኃውን መልክ እያየ ነው፤ አረንጓዴው ጨርሶ ይጥፋልኝ አይልም።

መጠኑን ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የኩሬውን ቀንና ሌሊት መለየት ይገባል። አልጌ እንደ ተክል ነው፤ ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ግን እንደማንኛውም ሕያው ፍጥረት ኦክስጅን ይበላል። አልጌው ከመጠን ሲያልፍ ዓሣውም፣ አልጌውም፣ በወለሉ የሚበሰብሰውም ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ኦክስጅን ይሻሙና ሊነጋጋ ሲል ኩሬው ባዶውን ይቀራል። ጎሕ ሲቀድ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ሲምጉ ከታዩ ምክንያቱ ይህ ነው። ደጋ ላይ ደግሞ መነሻው ራሱ ዝቅተኛ ነው። በቢቸናና በሞጣ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ ከ7 በታች ነው የሚይዘው። በከሰዓቱ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። የበዛው አልጌ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲጨርሰው የውኃው ፒኤች ወደ 9 ይወጣል። በፒኤች 7 በውኃው ካለው አሞኒያ መርዛማ የሆነው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ በፒኤች 9 ግን ከሩብ ያልፋል። ጠዋት ያልሞተ ዓሣ ከሰዓት የሚዳከመው በዚህ የተነሣ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ደመና ቀናትም መጥፎ ናቸው፤ ፀሐይ ስለማይኖር አልጌው በቂ ኦክስጅን ሳይሠራ ይመሽበታል።

መለኪያው ከማንም እጅ የራቀ አይደለም፤ ራሱ እጅ ነው። መዳፍን አጠፍ አድርጎ ክንድን ቀስ እያሉ ወደ ውኃው ማስገባት ነው። መዳፉ መሰወር የሚጀምረው ውኃው ክርን ላይ ሲደርስ ከሆነ አረንጓዴው ልክ ነው፤ መኖውም ባለበት ይቀጥል። የእጅ አንጓ ላይ ሲደርስ ከተሰወረ በዝቷል፤ መኖና ፍግ ይቁም፣ ከውኃው አንድ አምስተኛ ያህል ተቀድቶ በአዲስ ይተካ። ክርን አልፎም መዳፉ ጎልቶ ከታየ ውኃው ከሲታ ነው፤ እንዲያውም ጥቂት ፍግ ይፈልጋል። የዋልካ አፈር ባለባቸው የእነማይ ቀበሌዎች አንድ ጥንቃቄ መጨመር አለበት። ጭቃው ውኃውን ቡናማ ያደርገውና መዳፍን ቶሎ ይሰውራል፤ ያ የአፈር ድፍርስ ነው እንጂ አልጌ ስላልሆነ መኖ በማቆም አይድንም፤ የሚድነው ጎርፉን በመከልከል ነው። መኖ ሲሰጥም ረፋዱ ካለፈ፣ ውኃው ከሞቀ በኋላ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ዓሣው የሚጨርሰውን ብቻ ይሁን። ተንሳፍፎ የቀረ ካለ በማግስቱ ይቀነስ።

አሁን ወደ ኬሚካሎቹ ልምጣ። በረኪና ክሎሪን ነው፤ ክሎሪን በሊትር ከአንድ ሚሊ ግራም በታች በሆነ መጠን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። የከተማ ቧንቧ ውኃ እንኳ ክሎሪን ሊኖርበት ስለሚችል አፈ ሰፊ በርሜል ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ሳይቆይ ወደ ኩሬ መግባት የለበትም። ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት በሌላው ዓለም ለአልጌ የሚሠራበት ኬሚካል ለመሆኑ ክርክር የለኝም። ግን መጠኑ የሚወሰነው ውኃው በያዘው የኖራነት ልክ ነው፤ ያ ልክ ዝቅተኛ በሆነበት፣ ለምሳሌ ከጣሪያ በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ፣ አልጌን የሚገድለው መጠን ዓሣንም ይገድላል። ኩሬውን ለክቶ ልኩን የሚነግር ባለሙያ በሌለበት በግምት መጨመር ቁማር ነው። መጠኑ ልክ ሆኖ አልጌው በአንድ ቀን ቢሞት እንኳ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርሰው ዓሣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይታፈናል። መዳቡም ጭቃው ውስጥ ይቀራል፤ ያ ጭቃ ደግሞ ተዝቆ ጎመን መደብ ላይ የሚደፋ ነው። የጤፍ አረም የሚረጭበት ቱ ፎር ዲማ ስሙም መነሣት የለበትም፤ የመርጫውን ታንክ በኩሬው ዳር ማጠብም ያው ነው።

አንድ ዓይነት ኬሚካል ግን አልቃወምም፤ የእርሻ ኖራን። አሲዳማ አፈር ለማከም ተፈጭቶ የሚቀርበው የኖራ ድንጋይ፣ ደጀን ላይ የሚፈጨውን ጨምሮ፣ ኩሬው ከመሞላቱ በፊት ወለሉ ላይ ቢበተን የውኃውን ፒኤች ያረጋጋል፤ የከሰዓቱን መውጣትና የንጋቱን መውረድ ያለዝባል። ግድግዳ ከሚቀባው ኖራ ጋር ግን እንዳይምታታ። የግድግዳው ኖራ በውኃ ሲነካ ያቃጥላል፤ ዓሣ ባለበት ኩሬ ከገባ ፒኤቹን በአንድ ጊዜ ሰቅሎ ይፈጃቸዋል። በቃል አንድ ስም የያዙ ሁለት ዱቄቶች ስለሆኑ የግብርና ባለሙያው ይህን ልዩነት ሳይናገር ከጓሮው መውጣት የለበትም። ሌላው ብዙ የሚጠየቅበት የገብስ ገለባ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንደተሞከረው በውኃ ውስጥ የሚበሰብስ የገብስ ገለባ አዲስ አልጌ እንዳይበቅል የሚያግድ ነገር ያወጣል። በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 25 ግራም ይበቃዋል፤ ሥራውን ለመጀመር ግን ሳምንታት ይፈልጋል፣ ያለውን አልጌም አይገድልም፣ ውጤቱም ከኩሬ ኩሬ ይለያያል። ከጮቄ ወገብ የሚወርድ የገብስ ገለባ ርካሽ ነውና እንደ ፀጉር ተጠላልፎ ዳሩን ለሚይዘው አልጌ ሊሞከር ይችላል። ለቆሮሶው ቀለብ ለሚሆነው ልከኛ አረንጓዴ ግን አያስፈልገውም። ያንኑ ገለባ በሸክም የሚጨምር ደግሞ በሌላ በር ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ የቆቃ ነው። በቆቃ ግድብ ውኃ ላይ የሚከማቸው ማይክሮሲስቲስ የተባለው አልጌ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ ያን ውኃ የሚጠጣ ሰውና ከብት የደረሰበት ችግር ተነግሯል። አረንጓዴ ውኃን አትፍሩ ማለት ታዲያ ኃላፊነት የጎደለው አይደለምን? ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም አረንጓዴ አንድ አላደርግም። በውኃው ውስጥ እኩል የተሰራጨ፣ ሽታ የሌለው ሐመር አረንጓዴ አንድ ነገር ነው። እንደ ቀለም ላይ ላዩን የሚሰፍር፣ ነፋስ ወደ አንድ ጥግ የሚገፋው፣ የሚከረፋ ዝልግልግ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለተኛው ሲታይ መኖ ወዲያው ይቁም፣ ዝልግልጉ በጨርቅ ወንፊት ይቀፈፍ፣ ውኃው በከፊል ይለወጥ፣ ከብትና ሕፃን አይቅረበው፤ እስኪጠራም ዓሣው አይበላ። ነገር ግን ቆቃ የሚያስተምረው መርዝ ጨምሩ የሚለውን አይደለም። አዋሽ ከአዲስ አበባና ከሞጆ የሰበሰበውን ቆሻሻ፣ ከእርሻውም ማዳበሪያውን ይዞ ስለሚገባ ነው ግድቡ እንዲያ የሆነው። ጣና ላይም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭን ገበሬው በእጁ ነቅሎታል፣ ማሽንም ገብቶለታል፤ የሚመግበው ደለልና ማዳበሪያ በየክረምቱ ስለሚገባና ዘሩም በጭቃው ውስጥ ስለሚቆይ አረሙ ተመልሶ በቅሏል። የሚመግበውን ሳያቆሙ የበቀለውን ብቻ ማጥፋት ትልቁ ሐይቅ ላይ ካልሠራ፣ በጓሮ ኩሬ ላይ የሚሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው ተቃውሞ የውኃ እጥረት ነው። ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው በሚሄዱበት አገር አንድ አምስተኛውን ውኃ ቀድተህ ጣል ማለት ይከብዳል። እኔም ጣሉ አልልም። ከኩሬው የሚቀዳው አረንጓዴ ውኃ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የያዘ ማዳበሪያ ስለሆነ ቦታው የጎመኑ፣ የሽንኩርቱና የጌሾው ሥር ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ለጓሮ አትክልት እየቀዱ በምትኩ የጣሪያ ውኃ የሚጨምሩ ቤተሰቦች አልጌውንም፣ ጥሙንም፣ የዩሪያ ወጪውንም በአንድ ባልዲ ያቃልላሉ። የጓሮ አትክልት የሌለው ቤት ኩሬ ባይቆፍር እመርጣለሁ። ወባን በተመለከተ ደግሞ ትንኟ ኩሬ ላይ በብዛት የምትራባው አረም በበዛበት ጠርዝ ነው፤ የቆሮሶ ጫጩት እጯን ይበላታል፣ ግን ሣር ውስጥ ገብቶ አያገኛትም። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠና አረሙ ከተነቀለ ኩሬው የትንኝ ቤት አይሆንም። ወደ አባይ በረሃ በሚወርዱት ቆላማ ቀበሌዎች ይህ ግዴታ መሆን አለበት። አጥር ለሕፃናት ግዴታ መሆኑን መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ የማነሣው ጥያቄ ለግብርና ጽሕፈት ቤቶች ነው። ባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ሰበታ ላይ አገር አቀፉ ማዕከል አለ። ሁለቱም ጫጩት ከማቅረብ አልፈው ከ2400 ሜትር በላይ ለሆነ ደጋ የሚሠራ የመኖና የውኃ አያያዝ መመሪያ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ሥዕል ጨምረው ማውጣት ይችላሉ። ብርድ ለሚችለው ካርፕ በደጋው ቦታ መስጠትም መታሰብ አለበት። በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር ባለሙያ ከወረዳ ወደ ቀበሌ እንደ ልብ በማይመላለስበት በዚህ ዘመን፣ ዕውቀቱ ከኩሬው ባለቤት ጋር ማደር ይኖርበታል። በሪፖርቱም የተቆፈረ ኩሬ ብዛት ቀርቶ ከዓመት በኋላ ዓሣ ያለበት ኩሬ ይቆጠር። የወረዳው ኃላፊ ይህን አንድ ቁጥር ቢጠይቅ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ።

በቢቸናም በሞጣም ኩሬ ያላችሁ ወገኖች፣ በረኪናውን ለልብስ ተዉት። ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ኩሬው ወርዳችሁ እዩ፤ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው አየር የሚምጉ ከሆነ የዕለቱን መኖ አትስጡ፣ ከውኃውም ለጎመኑ ቅዱለት።